የመጀመሪያውን ፋንታሲ ልቦለድ ከጨረሱ በኋላ፦ ኤጀንት ማነው? እንዴትስ ይገኛል?

አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ማሳተም የፈለገ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ረቂቁን ያስተይባል፤ የሚያርምለት ሰው ይፈልጋል። ማተሚያ ቤት ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፤ የወረቀቱን ዋጋ ሲሰማ ይደነግጣል። ከቁጠባው፣ ከዕቁቡ፣ ከወንድሙ አሰባስቦ ያሳትማል። ከዚያ ለአከፋፋይ ያስረክብና ሽያጩን ይጠብቃል። ደራሲው ነጋዴም ነው፣ አሳታሚም ነው፣ ካርቶን ተሸካሚም ነው።

ኒውዮርክና ለንደን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ደራሲው ለማሳተሚያ ቤሳ ቤስቲን አያወጣም። እንዲያውም የሚከፈለው እሱ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከማያውቁት ሰው ረቂቅ አይቀበሉም። ረቂቅ የሚገባላቸው በሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ በተለምዶ ኤጀንት በሚባለው ሰው በኩል ነው።

ይህ ማብራሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፍራንክፈርት ወይም ቦሌ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ፋንታሲ ልቦለድ ለሚጽፉ ነው። ጅቡ፣ ዛሩ፣ ዘንዶው አርዌ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩት መናፍስት፣ አያቶቻችን ማታ ያወሩልን ሁሉ ለዚህ ዓይነት ልቦለድ የተመቸ ነው። ጽፎ መጨረስ አንድ ነገር ነው። የት፣ ለማን፣ እንዴት እንደሚላክ ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ኤጀንቱ ምን ይበላል?

እንደ እኔ፣ ስለ ኤጀንት መጀመሪያ ማወቅ ያለብን እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ ነው። እሱ ከገባን ሌላው ሁሉ በራሱ ይፈታል።

ኤጀንት ደላላ ነው። ደላላ ሲባል ፊታችን እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። ግን የቤት ደላላ ከሻጭም ከገዢም ሊቀበል ይችላል፤ ኤጀንት የሚቆመው ለአንድ ወገን ብቻ፣ ለደራሲው ነው። ክፍያው ደራሲው ካገኘው ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ነው። መጽሐፉ በሌላ አገር ወይም በሌላ ቋንቋ ሲሸጥ፣ የዚያ አገር ኤጀንት ስለሚጋራው አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶ ይሆናል። የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ስኮትላንዳዊው ኤ. ፒ. ዋት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ላይ የሚቆርጠው 10 በመቶ ነበር። ድርሻው ከፍ አለ እንጂ መሠረቱ ያው ነው። መጽሐፉ ካልተሸጠ ኤጀንቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ ኤጀንት ለምን እንዲህ መራጭ ሆነ? ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ በነፃ ሊሠራበት ስለሆነ ነው። ለምን ቶሎ አይመልስም? የእናንተን ደብዳቤ የሚያነበው ገቢ የሚያስገኙለትን ነባር ደራሲዎች ጉዳይ ከጨረሰ በኋላ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ነው። ለምንስ «ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን አልወስደውም» ይላል? ጽሑፉ ጥሩ መሆኑና እሱ ሊሸጠው መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን ውሸት ላይሆን ይችላል።

ከዚሁ አንድ ጠንካራ ሕግ ይወጣል። ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው የሚፈሰው። ለማንበቢያ፣ ለመመዝገቢያ፣ ለ«አርትኦት ጥቅል» ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ኤጀንት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበርም አባላቱ ለማንበቢያ እንዳያስከፍሉ በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል። በተለይ ሳትጠይቁ በኢሜይል መጥቶ «ሥራዎን አይተን ተደንቀናል፤ አንድ ትልቅ አሳታሚ ሊገዛው ዝግጁ ነው» ከሚል ሰው ተጠንቀቁ። እንዲህ ያሉ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ኤጀንቶችን ስምና ፎቶ ይጠቀማሉ። ኢሜይሉ የመጣበትን አድራሻ ከኤጀንሲው ድረ ገጽ ጋር አመሳክሩ። በአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ጸሐፊዎች ማኅበር የሚደገፈው ራይተር ቢዌር የተባለው አገልግሎት እንዲህ ያሉ ማጭበርበሮችን እየተከታተለ ያጋልጣል። ከመላካችሁ በፊት የኤጀንሲውን ስም እዚያ ፈልጉት።

መጀመሪያ ረቂቁ

ልቦለድ ሳያልቅ አይሸጥም። ታሪክ ነክ ወይም የሙያ መጽሐፍ ከሆነ በዕቅድና በናሙና ምዕራፍ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። የመጀመሪያ ልቦለድ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ነጥብ ተጽፎ፣ ታርሞ፣ እንደገና ተጽፎ ነው የሚላከው። ኤጀንቱ ዛሬ ማታ «ሙሉውን ላክልኝ» ሊል ይችላል። «ገና ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል» ካላችሁት ያ ዕድል በአብዛኛው አለቀ።

ለአንድ ኤጀንት አንድን ረቂቅ የምታሳዩት በተግባር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ተፈጸመ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ተዉት። ከዚያ አንብቡት። ቀጥሎ ፋንታሲ ለሚወዱ፣ ለእናንተ ግን ይሉኝታ ለሌላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ስጡ። እህት አትሁን፤ እህት «ጎበዝ» ነው የምትለው። ጠቃሚው አስተያየት «ምዕራፍ 9 ላይ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ» የሚለው ነው።

ርዝመት ትልቅ ጉዳይ ነው። ለአዋቂዎች የሚጻፍ የመጀመሪያ ፋንታሲ ልቦለድ በእንግሊዝኛ ከ90,000 እስከ 120,000 ቃላት ቢሆን ይመረጣል። ለወጣቶች ከሆነ ከዚያ ያነሰ፣ ከ70,000 እስከ 100,000 ገደማ። 200,000 ቃላት ይዞ የሚመጣ ጀማሪ ደብዳቤው ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ምክንያቱ ወረቀት ነው። ወፍራም መጽሐፍ ለማተምም፣ ለማጓጓዝም፣ ለመተርጎምም ውድ ነው። አሳታሚው ስሙን ማንም በማያውቀው ደራሲ ላይ ያን ያህል አይደፍርም። በአማርኛ ጽፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሱ ከሆነ ደግሞ የአማርኛውን ቆጠራ አትመኑት። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ በሦስትና በአራት ይናገረዋል፤ የቃላቱ ቁጥር በጣም ያድጋል።

ፋንታሲ የሚጽፉ ሰዎች የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ፤ የራሳቸውን ዓለም መውደድ። ደራሲው ለዓመታት ካርታ ሲስል፣ ሥርወ መንግሥት ሲቆጥር፣ አስማቱ በምን ሕግ እንደሚሠራ ሲያሰላ ቆይቷል። ያ ሁሉ ድካም እንዲታይለት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ታሪክ ሳይሆኑ ጂኦግራፊ ይሆናሉ። ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሰባቱ ነገሥታት እነማን እንደነበሩ፣ ወንዙ ከየት እንደሚነሳ። ኤጀንቱ ግን ከእናንተ የሚያነበው ምናልባት እነዚያን አምስት ገጾች ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ችግርና አንድ እንግዳ ነገር ማየት አለበት። ካርታው ይቆየው። ነገሥታቱም አይሞቱም፤ ምዕራፍ 6 ላይ ይጠብቁት።

ስለ ተከታታይ መጽሐፍም አንድ ቃል። «ይህ የሰባት ቅጽ የመጀመሪያው ነው» ማለት ጀማሪ ላይ ያስፈራል። አሳታሚው የመጀመሪያው ካልተሸጠ ስድስት ዕዳ ይታየዋል። የሚያዋጣው ለብቻው የሚቋጭ፣ ከተፈለገ ግን የሚቀጥል ታሪክ ነው። የጀመራችሁት በእርግጥ ሰባት ቅጽ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ዋና ጥያቄ እዚያው ይመለስ።

አንድ ገጽ ደብዳቤ

ለኤጀንት የሚላከው ደብዳቤ ኩዌሪ ይባላል። ከ250 እስከ 350 ቃላት ገደማ ነው፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። እዚህ ላይ እኛ አበሾች የራሳችን ጣጣ አለብን። ደብዳቤ ሲባል «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በትህትና እንጀምራለን፣ ችግራችንን እንዘረዝራለን፣ «ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ብለን እንዘጋለን። ኩዌሪ ማመልከቻ አይደለም። ልመናም የለበትም። የንግድ ደብዳቤ ነው፤ «እንዲህ ያለ ዕቃ አለኝ» ነው የሚለው። የኤጀንቱን ስም በትክክል ጽፋችሁ በቀጥታ ወደ ነገሩ ግቡ።

የደብዳቤው ልብ ታሪኩን የሚያስተዋውቁት አንድ ሁለት አንቀጾች ናቸው። ብዙ ጀማሪ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ምሳሌውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፦

«ከሰባት ሺህ ዓመታት በፊት የሰሜንና የደቡብ መንግሥታት በሰላም ይኖሩ ነበር። የጨለማው ጌታ ሲነሳ ግን ጥንታዊው ቃል ኪዳን ፈረሰ። ይህ ልቦለድ ፍቅርን፣ ክህደትን፣ ጀግንነትንና ተስፋን የሚዳስስ ሲሆን አንባቢን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልብ ሰቅሎ የሚይዝ ነው።»

እዚህ ውስጥ ሰው የለም። ፍቅርና ክህደት የሌለበት ልቦለድ የት አለ? ልብ መስቀሉንም የሚፈርደው አንባቢው ነው። አሁን ይህን እዩት፦

«የ17 ዓመቷ ጽጌ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። የከተማው ሰው አባቷ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል እያለ ያማል። ጽጌ ሐሜቱ እውነት መሆኑን ታውቃለች። የገዢው ልጅ በጅብ ተበልቶ ሲገኝ፣ አጠገቡ አባቷ የሠራው የወርቅ ጉትቻ ወድቋል። ጉትቻው ግን ለማን እንደተሠራ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ገዳዩ እስከ ቅዳሜ ገበያ ካልተገኘ ገዢው የቀጥቃጮችን ሰፈር ሊያቃጥል ምሏል። ጽጌ እውነተኛውን ጅብ ለማጋለጥ የአባቷን ምስጢር ማውጣት ሊኖርባት ነው።»

(ጉትቻ ያደረገ ጅብ ታየ የሚለው ወሬ እኛ አገር የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ መንገደኞችም ጽፈውታል። እንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ ግን እንደ አዲስ ነው የሚገባው። ቀጥቃጩን በ«ቡዳ» ስም ማግለል ያደረሰውን በደል የሚያውቅ ደራሲ ቢጽፈው ደግሞ ከጅቡ በላይ ብዙ ነገር ይወጣዋል።)

ሁለተኛው ምን አደረገ? ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደከለከላትና ምን እንደምታጣ ተናገረ። ቀን ቆረጠ። መጨረሻውን ግን አልነገረንም፤ ምርጫው ጫፍ ላይ ተወን። የሰው ስም አንድ ብቻ ነው ያለው። በዚህች ደብዳቤ ውስጥ ከሦስት በላይ ስም ሲገባ አንባቢው ይጠፋበታል፤ የፈጠራችሁት ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ደረቅ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። «በ105,000 ቃላት የተጠናቀቀ፣ ለአዋቂዎች የተጻፈ፣ ለብቻው የሚቆምና ተከታይ ሊኖረው የሚችል ፋንታሲ ልቦለድ ነው።» ከእሱ ጎን ሁለት ማነጻጸሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳሉ፤ ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት የወጡ፣ የእናንተን የሚያነብ ሰው የሚወዳቸው። ይህ ጉራ አይደለም። ኤጀንቱ መጽሐፉ የመደብሩ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ እንዲያይ ነው። የዛሬ ሰባ ዓመት የወጣውን የዘርፉን አባት የቶልኪንን መጽሐፍ መጥቀስ ግን ከወጣ በኋላ ምንም አላነበብኩም እንደማለት ይቆጠራል።

ስለ ራሳችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የታተመ ሥራ ከሌላችሁ የለኝም ማለት አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ይቻላል። ቀጥቃጭ ሰፈር ካደጋችሁ ወይም ተረቱን ከአያታችሁ ከሰማችሁ ግን ጻፉት። ይህን ታሪክ ለምን እናንተ እንደምትጽፉት ያሳያል።

አንዳንድ ኤጀንቶች ሲኖፕሲስ፣ ማለትም የታሪኩን ማጠቃለያ፣ ጭምር ይጠይቃሉ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ መጨረሻው ይነገራል። ማን እንደገደለ፣ ማን እንደሞተ፣ ሁሉም። መጻፉ አሰልቺ ነው፣ ማንም አይወደውም፣ ግን የታሪኩ አጥንት የተሰበረበትን ቦታ ለራሳችሁ ያሳያችኋል።

መላክና መጠበቅ

ለማን ነው የምትልኩት? ፋንታሲ ለሚሸጥ ኤጀንት። የምግብ መጽሐፍና የፖለቲከኛ ግለ ታሪክ ለሚሸጥ ሰው ዘንዶ አይላክለትም። ዝርዝሩን ለመሥራት የሚረዱ ቦታዎች አሉ። ኩዌሪትራከር የተባለው ድረ ገጽ ላይ ኤጀንቶችን በዘርፍ ፈልጎ የላኩትን መከታተል ይቻላል፤ መሠረታዊው አገልግሎት ነፃ ነው። ፐብሊሸርስ ማርኬትፕሌስ በክፍያ ነው፤ ማን ምን ለማን እንደሸጠ ያሳያል። ከሁሉም የሚቀለው ግን የምትወዱትን አዲስ መጽሐፍ አንስቶ የምስጋናውን ገጽ ማንበብ ነው። ደራሲው ኤጀንቱን እዚያ ያመሰግናል።

ከዚያ የእያንዳንዱን ኤጀንት መመሪያ አንብቡ። አንዱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ብቻ ይላል፣ ሌላው አሥር ይላል፣ ለንደን ላይ ሦስት ምዕራፍ መጠየቅ የተለመደ ነው። አባሪ ፋይል የማይከፍት አለ፤ ሁሉንም በኢሜይሉ ውስጥ ለጥፉ ይላል። ጭራሽ በቅጽ ብቻ የሚቀበልም ሞልቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ነገር አትላኩ የሚሉም በርክተዋል። ረቂቁ ራሱ በታይምስ ኒው ሮማን፣ በ12 ነጥብ፣ በድርብ የመስመር ክፍተት ይሁን። በጌጠኛ ፊደል የሚደነቅ የለም።

ለሃምሳ ሰው ባንዴ አትላኩ። ከአምስት እስከ አሥር ላኩና ጠብቁ። ለብዙ ኤጀንት በአንድ ጊዜ መላክ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ይህንኑ ይጠብቃል። በአንድ ኤጀንሲ ውስጥ ላሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ መላክ ግን አይወደድም። መልስ በአንድ ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ሦስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። ብዙዎች ድረ ገጻቸው ላይ «በዚህን ያህል ሳምንት ካልመለስን አልፈልግም ማለታችን ነው» ብለው ይጽፋሉ። ዝምታ እዚያ መልስ ነው። ደውሎ «ደርሶዎት ይሆን?» ማለት አይሠራም። በአማላጅ ደጅ መጥናትም የለም።

ዝምታውን ግን ማንበብ ይቻላል። አሥር አሥራ አምስት ደብዳቤ ልካችሁ ማንም ተጨማሪ ገጽ ካልጠየቀ፣ ችግሩ ደብዳቤው ወይም የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው። ቁሙ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ ለሚቀጥሉት ላኩ። ሙሉ ረቂቅ እየጠየቁ በኋላ የሚተዉት ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል፤ የሚፈርሰው መሃሉ ወይም መጨረሻው ነው። በአምስትና አሥር መላክ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሃምሳውንም ዛሬ የጨረሰ ሰው ነገ የሚያስተካክለውን ደብዳቤ የሚልክለት አያገኝም።

በመሃል «ይህንና ያንን ብታሻሽለው እንደገና አየዋለሁ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እምቢታ ይመስላል እንጂ አይደለም። ማንም ሥራ የበዛበት ሰው ለማይፈልገው ረቂቅ ሁለት ገጽ አስተያየት አይጽፍም። በአስተያየቱ ካመናችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩት። በሳምንት ውስጥ መመለስ አልሠራሁትም ማለት ነው።

ስልኩ ሲደወል

የፈለገ ኤጀንት «እንነጋገር» ይላል። ብዙውን ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው። ያን ቀን እሺ አትበሉ። ደስታው ያሰክራል፣ ይገባኛል። ግን ወጉ እንዲህ ነው። ረቂቁ ያላቸውን ሌሎች ኤጀንቶች «የውክልና ጥያቄ ደርሶኛል» ብላችሁ ታሳውቃላችሁ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ትሰጧቸዋላችሁ። ሲያንቀላፋ የነበረው ሁሉ በዚያ ሳምንት ይነቃል።

በስልኩ እናንተም ጠያቂ ናችሁ። ረቂቁ ላይ ምን እንዲለወጥ ትፈልጋለህ? ለየትኞቹ አሳታሚዎች ልታቀርበው አስበሃል? ይህ መጽሐፍ ባይሸጥ ቀጣዩንስ ትወክላለህ? ከደራሲዎችህ አንዱን ባናግር ቅር ይልሃል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚያኮርፍ ሰው ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል። ከውሉ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና እንዴት መለያየት እንደሚቻል። በጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ መለያየት የተለመደ ነው። ኤጀንቱ ቀድሞ የሸጠው መጽሐፍ ላይ ያለው ድርሻ ግን ከተለያያችሁም በኋላ ይቀጥላል።

ከዚያስ?

ኤጀንት ማግኘት መሸጥ አይደለም። ኤጀንቱ ረቂቁን አርሞ ለኤዲተሮች፣ ማለትም አሳታሚ ቤት ውስጥ መጽሐፍ መርጠው ለሚገዙ ሰዎች፣ ያቀርባል። በእንግሊዝኛው ገበያ አምስቱ ትልልቅ አሳታሚዎች ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼትና ማክሚላን ናቸው። በፋንታሲ የሚታወቁት ስሞች አብዛኞቹ በእነሱ ሥር ናቸው። ቶር የማክሚላን ነው፤ ዴል ሬይ የፔንግዊን ራንደም ሃውስ፤ ቮየጀር የሃርፐርኮሊንስ፤ ኦርቢትና የለንደኑ ጎላንዝ የአሼት። ኤዲተሩ ቢወደው እንኳ ብቻውን አይወስንም። የሽያጭና የገበያ ሰዎች ያሉበት ስብሰባ ላይ ይዞት ይገባል። እዚያ ወድቆ የሚቀር መጽሐፍ ብዙ ነው። ለወራት ሲዞር ቆይቶ ማንም ሳይገዛው መሳቢያ የሚገባም አለ።

ከተሸጠስ? እስቲ ቅድሚያ ክፍያው 10,000 ዶላር ነው እንበል። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ኤጀንሲው ይሄዳል፤ 1,500 ቆርጦ 8,500 ለእናንተ ያስተላልፋል። ባንዴ አይደለም። አንዱ ክፍል ውሉ ሲፈረም፣ አንዱ የታረመው ረቂቅ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ሌላው መጽሐፉ ሲወጣ ነው። ከፊርማ እስከ መደርደሪያ ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት መሄዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሥራ አትልቀቁ።

ይህ ገንዘብ ቅድሚያ የተባለው ከሮያሊቲው፣ ማለትም ከእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ ለደራሲው ከሚደርሰው ድርሻ፣ ስለሚታሰብ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የጠንካራ ሽፋን ሮያሊቲ ለመጀመሪያዎቹ 5,000 ቅጂዎች ከሽፋኑ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ለቀጣዮቹ 5,000 ወደ 12.5፣ ከዚያ በኋላ ወደ 15 ያድጋል። መጽሐፉ 28 ዶላር ከሆነ በመጀመሪያው እርከን ከአንዱ ቅጂ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ታገኛላችሁ ማለት ነው። 10,000ውን ለማካካስ ወደ 3,600 የሚጠጋ ቅጂ መሸጥ አለበት። እስከዚያ ተጨማሪ ሳንቲም የለም። ባይሸጥ ግን መልሱ አትባሉም። የአዲስ አበባው ደራሲ ያልተሸጠውን ካርቶን አልጋው ሥር ሲያስቀምጥ፣ እዚህ ኪሳራው የአሳታሚው ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ለአሜሪካ አሳታሚ ከሸጣችሁ ደግሞ ግብር አለ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ፣ እዚያ ከሚገኝ ሮያሊቲ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ይህን ኤጀንቱን ገና በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ሰልፍ የማይፈልግም ሰው አለ። በቀጥታ ከደራሲ የሚቀበሉ አነስተኛ አሳታሚዎች አሉ። በአማዞን በኩል ራስን ማሳተምም ይቻላል፤ በፋንታሲ በዚያ መንገድ የሚኖሩ ደራሲዎች አሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ «አማዞን ላይ ልሞክረውና ካልሆነ ለኤጀንት እልካለሁ» አትበሉ። አንዴ የወጣ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ካልተሸጠ በቀር ኤጀንት አይነካውም። ምርጫው ከመላኩ በፊት ነው።

ረቂቁ በኤዲተሮች ዘንድ ሲዞር የሚሻለው ሌላ መጽሐፍ መጀመር ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ግን አይሁን፤ የመጀመሪያው ካልተሸጠ ሁለተኛውን የሚገዛ የለም።

ውል ሲመጣ ደግሞ የትኞቹ መብቶች እንደሚሸጡ እዩ። አሳታሚው «የዓለም መብት በሁሉም ቋንቋ» ከገዛ፣ አማርኛውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የገዛ መጽሐፋችሁን አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ለማውጣት ኒውዮርክን ማስፈቀድ ሊኖርባችሁ ነው። ኤጀንቱን «የእንግሊዝኛውን ሽጥ፣ የትርጉም መብቱን አስቀርልኝ» ማለት ይቻላል። አሳታሚው የትርጉሙን መብት አልለቅም ካለ እንኳ አማርኛን ለብቻዋ ነጥሎ ማስቀረት የሚጠየቅ ነገር ነው። የአማርኛው መብት ለእነሱ ያን ያህል ገንዘብ ስለማያስገኝ ብዙም ላይከራከሩበት ይችላሉ።